ሩጫው ይቅደም ወይስ ብስክሌቱ? የበረሃ ካምፕ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በዚህ እትም ያሰባሰብናቸው ጥያቄዎች የደረሱን በረሃ ላይ በሚካሄድ የልምምድ ካምፕ በአንድ ቀን የተራራ ሩጫም የተራራ ብስክሌትም ከሚሠሩ አንባቢዎች ነው። በመልሶቻችን ሁሉ ውስጥ የምታገኙት ሐሳብ አንድ ነው፦ ሙቀት ራሱ ልምምድ ነው። ልብን ያስሮጣል፣ ጨውና ውሃ ይወስዳል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ እንደ ዳገትና እንደ ኪሎ ሜትር ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ መቆጠር አለበት። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው በቀዝቃዛ አካባቢ የወጣ ፕሮግራም ሳይነካ እንዳለ በረሃ ሲወርድ ነው።

ጥያቄ፦ ለ10 ቀን ካምፕ ልገባ ነው። ፕሮግራሙ በአንድ ቀን 12 ኪሎ ሜትር ሩጫና 35 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ይላል። የትኛውን ላስቀድም? በስንት ሰዓትስ ልጀምር?

መልስ፦ ሩጫውን ያስቀድሙ። አንደኛው ምክንያት ነፋስ ነው። ብስክሌት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ የራስዎን ነፋስ ይፈጥራሉ፤ ላብዎ ቶሎ ይተናል፣ ሰውነትዎም ይቀዘቅዛል። ሩጫ ላይ ይህ ነፋስ በጣም ትንሽ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ቁርጭምጭሚት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ፔዳል የመታ እግር ደንዝዞ ይወርዳል፤ ጭንጫ ላይ ደግሞ ድንጋይ ሲንከባለል ወዲያው የሚመልስ እግር ያስፈልጋል።

ሰዓቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከሰዓት በኋላው ላይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው እኩለ ቀን ላይ ቢሆንም አየሩ ይበልጥ የሚግለው ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም መሬቱ እስከዚያ ድረስ ከሚያወጣው በላይ ሙቀት ሲቀበል ይቆያል። ስለዚህ «ፀሐይ ስለበረደች» በ10 ሰዓት የሚወጣ ሰው የሚገባው ትኩሳቱ መሐል ነው። በጣም ቀዝቃዛው ሰዓት ደግሞ ፀሐይ ልትወጣ ስትልና እንደወጣች ያለው ነው። ሁለቱንም ልምምድ ጠዋት ላይ መጨረስ ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

ፀሐይ ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ በምትወጣበት ወቅት የሚከተለው አደራደር ጥሩ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይነሱ፤ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይጠጡ፣ ቀለል ያለ ነገር ይቅመሱ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ በግንባር መብራት ሩጫውን ይጀምሩ፤ የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ሜዳ ላይ ይሁኑ፣ ጭንጫው ብርሃን ሲወጣ ይምጣ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ይጨርሱና ይመዘኑ። ከዚያ እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ውስጥ ሆነው ካልሲ ይቀይሩ፣ ከ60 እስከ 80 ግራም የሚሆን ካርቦሃይድሬት ይብሉ፣ ይጠጡ። 2 ሰዓት ላይ ብስክሌቱን ይነሱ።

ብስክሌቱ ላይ ዳገቱን በመጀመሪያው ሰዓት ይጨርሱት። ዳገት ላይ ፍጥነትዎ ወደ 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ከኋላ የሚነፍስ ነፋስ ካለማ በዙሪያዎ ያለው አየር ቆመ ማለት ነው፣ ያ የራስዎ ነፋስ የሚባለው ጥቅም የለም። ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ካምፕ ይግቡ። ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ሰዓታት ጥላ፣ ምግብና እንቅልፍ ናቸው፤ ይህን ክፍተት በሌላ ሥራ የሚሞላ ሰው በአራተኛው ቀን ይደክማል። ማምሻውን 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ብስክሌት ይጸዳል፣ ወይም 30 ደቂቃ በቀስታ ይሮጣል።

ቅደም ተከተሉ የሚገለበጠው መቼ ነው? ብስክሌቱ አስቸጋሪ የቁልቁለት ቴክኒክ የሚለማመዱበት ከሆነና ሩጫው ደልዳላ መሬት ላይ ቀላል ከሆነ ብስክሌቱ ይቅደም። ንቁ አእምሮና ያልደከመ እጅ የሚፈልገው ሥራ ምንጊዜም ፊት ይሰለፋል። ቁልቁለቱን ሲመርጡ ዝቅ ያለችው ፀሐይ ከጀርባዎ እንድትሆን ያድርጉ፤ ፊት ለፊት ከሆነች ድንጋዩና ጥላው አይለዩም።

ጥያቄ፦ ሙቀቱን ለመልመድ ስንት ቀን ያስፈልገኛል? ከመሄዴ በፊትስ የማደርገው ነገር አለ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ለውጥ ፈጣን ነው፤ ከ3 እስከ 5 ባሉት ቀናት የደም ፕላዝማ መጠን ይጨምርና በተመሳሳይ ፍጥነት የልብ ምትዎ ዝቅ ይላል። ላብ ቀድሞ መጀመር፣ መብዛትና የጨው መጠኑ መቀነስ ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ለዚህም በየቀኑ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ሙቀት ውስጥ መንቀሳቀስ በቂ ነው። የ10 ቀን ካምፕ ካለዎት የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ለመልመድ ይስጧቸው፦ ቤትዎ ከሚሠሩት ሰዓት 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ይሥሩ፣ ፈጣን ሩጫና ተደጋጋሚ ዳገት አይኑር። በእነዚህ ቀናት ፍጥነትን ትተው የልብ ምትን ይከተሉ። በተመሳሳይ ፍጥነት ምቱ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ፍጥነቱን ይቀንሱ እንጂ ምቱን ከጣሪያው አያሳልፉት።

ከመሄድዎ በፊት ባለው ሳምንት ለስድስት ተከታታይ ቀናት ከልምምድ በኋላ 40 ዲግሪ በሞላው ሙቅ ውሃ ውስጥ እስከ አንገት ድረስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ መቀመጥ ይረዳል። ከ15 ደቂቃ ይጀምሩ። ብቻዎን አይግቡ፤ ሲወጡ ቀስ ይበሉ፣ ማዞር ይኖራል። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበትና ነፍሰ ጡር ይህን አያድርጉ። የተገኘው መላመድ ከሙቀት ከራቁ በሳምንት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ዝግጅቱን ከጉዞው ጋር ያጠጉት።

ጥያቄ፦ ካምፑ «በቀን 6 ሊትር ውሃ ጠጡ» የሚል መመሪያ ልኮልናል። ለሁላችንም አንድ ቁጥር ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። ላብ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ 2 ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ልዩነቱ በሰው፣ በፍጥነትና በሙቀቱ መጠን ነው። በዚያ ላይ የበረሃ አየር ደረቅ ስለሆነ ላቡ ሳይታይ ይተናል። «ብዙም አላላበኝም» የሚል ሰው ማልያው ላይ የቀረውን ነጭ የጨው መስመር ይመልከት።

የራስዎን ቁጥር በሚዛን ያገኙታል። ሽንት ቤት ደርሰው ልብስዎን አውልቀው ይመዘኑ። ለአንድ ሰዓት በካምፑ ሰዓትና ፍጥነት ይሩጡ፤ የሚጠጡትን ለክተው ይያዙ። ሲመለሱ ላብዎን በፎጣ ጠርገው፣ ሳይሸኑ እንደገና ይመዘኑ። አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው አንድ ሊትር ያህል አጥቷል። ምሳሌ፦ ከሩጫው በፊት 68.4፣ በኋላ 67.5 ኪሎ፣ የተጠጣው ግማሽ ሊትር። የቀነሰው 0.9 ሲደመር 0.5፣ በሰዓት 1.4 ሊትር ላብ። ለብስክሌቱም ለብቻው ይለኩ፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ይለያል።

የወጣውን ሁሉ መተካት አያስፈልግም፣ ሆድም አይችለውም። ግቡ ክብደትዎ ከ2 በመቶ በላይ እንዳይቀንስ ነው። ለ68 ኪሎ ሰው ይህ 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት የሚሠራ ከሆነ 4.2 ሊትር ያልበዋል፤ 1.4ቱን ትተን 2.8 ሊትር ይጠጣል፣ በሰዓት 0.9 ሊትር ማለት ነው። ካምፕ ከገባ በኋላ ደግሞ ለቀነሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከምግብ ጋር ይተካል። በማግሥቱ ጠዋት ክብደቱ ካልተመለሰ ያን ቀን ልምምዱን ያሳጥር።

ጨው ሌላው ጉዳይ ነው። ሁለት ጠርሙስ ይያዙ። አንደኛው ውስጥ ለአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም ስኳር፣ ማለትም አምስት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ እና 1.5 ግራም ጨው፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል፣ ይጨምሩ። ይህ ወደ 600 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይሰጣል። ሁለተኛው ንጹህ ውሃ ይሁን፤ የሚጠጣም፣ አናትና ክንድ ላይ የሚፈስም። ደረቅ አየር ላይ እጅጌን ማርጠብ የሚሰጠው ቅዝቃዜ ከሚያወጡት ውሃ በላይ ዋጋ አለው። ጀርባ ላይ የሚታዘል የውሃ ከረጢት ካለዎት ማታ ግማሹን ብቻ ሞልተው አስተኝተው ያቀዝቅዙት፣ ጠዋት በውሃ ይሙሉት። ከጠጡ በኋላ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ውሃ በትንፋሽ ወደ ከረጢቱ ይመልሱት፤ ቱቦ ውስጥ የቆመ ውሃ በአጭር ጊዜ ይግላል።

መመሪያው ላይ ያለው ትልቁ አደጋ ግን በብዛት መጠጣት ነው። ከላቡ በላይ የጠጣ ሰው የደሙ ሶዲየም ይቀጥናል። ምልክቱ ከልምምድ በኋላ ክብደት መጨመር፣ የጣት ማበጥ፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ከዚያም ግራ መጋባት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ውሃ ጎድሎታል ብሎ ውሃ ማጠጣት ሊገድለው ይችላል። መጠጡን አቁመው ወደ ሕክምና ያድርሱት። ሚዛን ካምፕ ውስጥ መኖር ያለበትም ለዚህ ነው፤ የቀነሰውንና የጨመረውን ሰው የሚለየው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ከመሮጤ በፊት አይቡፕሮፌን እወስዳለሁ። በረሃ ላይም ልቀጥል?

መልስ፦ አይቀጥሉ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና የመሳሰሉት ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ሙቀትና የውሃ እጥረት ደግሞ ያንኑ ያደርጋሉ፤ ረጅም ቁልቁለት የሰባበረው ጡንቻ የሚለቀው ፕሮቲንም ኩላሊት ላይ ይጫናል። ሦስቱ ሲገናኙ ኩላሊት ሥራ ሊያቆም ይችላል። ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ዕለቱን ሕክምና ይሂዱ። ያለ መድኃኒት የማይሮጥ ጉልበት ካለዎት የቁልቁለቱን ሩጫ ትተው በብስክሌት ይተኩት። የደም ግፊት ወይም የሚያስተኛ የአለርጂ መድኃኒት የሚወስዱም ከጉዞው በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ውሃ የሚያስወጡና ላብ የሚቀንሱ አሉ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ካምፕ በአንድ ጉዞ ጎማዬ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ነው የምጠቀመው፣ መጠኑ 29 በ2.4። እሾህ ላይ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በአንድ ጉዞ ሦስት ጊዜ የተነፈሰ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ የበሳው አንድ እሾህ ነው። ከመነዳሪው ይቀየራል፣ የእሾሁ ጫፍ ግን ጎማው ውስጥ ይቀራል፣ አዲሱንም ይበሳዋል። ከመነዳሪውን እንዳወጡ ቫልቩን ከጎማው ጽሑፍ ጋር አስተያይተው ቀዳዳው የት ላይ እንደሆነ ይለዩ፤ ከዚያ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉ። ጨርቁ የያዘበት ቦታ ላይ እሾሁ አለ። በጣት አይዳስሱ። በፒንሳ ከውጭም ከውስጥም ይንቀሉት። ቀዳዳው በውስጥ በኩል ከሆነ፣ ማለትም ወደ ቸርኬው ፊቱን ካዞረ፣ ጥፋቱ የእሾህ ሳይሆን የቸርኬው ሽፋን ጨርቅ መሸሽ ነው። ሁለት አጠገብ ለአጠገብ የተሰነጠቁ ቀዳዳዎች ካዩ ደግሞ ጎማው በጣም ለስልሶ ድንጋይና ቸርኬ መሐል ተቆንጥጧል፤ አየር ይጨምሩ።

ዘላቂው መፍትሔ ከመነዳሪ አልባ ማድረግና ሲላንት የሚባለውን ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሽ መጨመር ነው። ለእርስዎ ጎማ በእያንዳንዱ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ሲላንት በሙቀትና በደረቅ አየር ቶሎ ይደርቃል፤ ሌላ ቦታ ለወራት የሚቆየው በረሃ ላይ በሳምንታት ያልቃል። ካምፑ ከመጀመሩ በፊት የቫልቩን ልብ ፈትተው ቀጭን እንጨት ወይም የፕላስቲክ ማሰሪያ ያስገቡ፤ ጫፉ ረጥቦ ካልወጣ ይጨምሩ። መንገድ ላይ እሾህ ካዩና አየር ካልወጣ አይንቀሉት፣ ካምፕ ሲገቡ ይነቀላል። እየነፋ ከሆነ ይንቀሉና ጎማውን አሽከርክረው ቀዳዳው ወደ መሬት እንዲሆን አድርገው ያቁሙት፤ ፈሳሹ የሚጠራቀመው እዚያ ስለሆነ ይደፍነዋል። ከ3 ወይም ከ4 ሚሊ ሜትር የሰፋ ቀዳዳ በጎማ ክር ይወተፋል። ያም ሆኖ አንድ ከመነዳሪ ይያዙ፤ ከማስገባትዎ በፊት ግን ጎማውን በጨርቅ ይጥረጉ፣ ሲላንቱ ደፍኗቸው የኖሩ ብዙ እሾሆች ውስጥ አሉ።

ግፊቱን መቼ እንደሚለኩ ደግሞ ይጠንቀቁ። ለ70 ኪሎ ሰው በዚህ ስፋት ከፊት ከ20 እስከ 22፣ ከኋላ ከ23 እስከ 25 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን ንጋት ላይ በ10 ዲግሪ 22 የሞሉት ጎማ በውስጡ ያለው አየር 40 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 26 ይጠጋል። መሪው ጠዋት ለስላሳ ሆኖ ረፋዱ ላይ ድንጋይ የሚመታ የሚመስልዎት ለዚህ ነው። ሁለት ፒኤስአይ አንሰው ይውጡ፣ ወይም 3 ሰዓት ላይ ቆመው ያስተንፍሱ። ለማረፍ ከመንገዱ ሲወጡ ብስክሌቱን ተሸክመው ይውጡ እንጂ አይግፉት፤ እሾህ የሚለቀመው አብዛኛውን ጊዜ ጥላ ሥር ነው።

ጥያቄ፦ ካቴናዬ በየጉዞው ይንጫጫል፤ ዘይት ስጨምርበት ደግሞ ይብሳል። ፍሬኔም መጮህ ጀምሯል።

መልስ፦ እርጥብ ዘይት አቧራውን ይዞ ካቴናውን የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ለበረሃ ሰም ያለበትን ደረቅ ቅባት ይጠቀሙ። የሚቀባው ማታ ነው፦ ካቴናውን በደረቅ ብሩሽና በጨርቅ ይጥረጉ፣ እያንዳንዱ ማያያዣ ላይ አንድ ጠብታ ያድርጉ፣ ፔዳሉን ወደኋላ አዙረው ያሠርጹት፣ የተረፈውን ከላይ ይጥረጉ፣ እስከ ጠዋት ይደር። ከመውጣትዎ አምስት ደቂቃ በፊት ከቀቡት እርጥብ እንዳለ አሸዋ ይገባበታል። የካቴና መለኪያ ይያዙ፤ ባለ 12 ማርሽ ካቴና 0.5 በመቶ ከረዘመ ይቀየር፣ አለዚያ ጥርሶቹን ይዞ ይሄዳል። በግፊት ውሃ አይጠቡ፤ አሸዋውን ወደ ኩሽኔታው ይገፋዋል። የፊት ሾኩን አንጸባራቂ ዘንግ በየጉዞው በፊትም በኋላም በንጹህ ጨርቅ ይጥረጉ።

የፍሬኑ ጩኸት ብዙ ጊዜ ከፀሐይ መከላከያ ቅባት ይመጣል። በተቀባ እጅ ዲስኩን መንካት፣ ወይም ብስክሌቱ አጠገብ ሆኖ የሚረጨውን ዓይነት መርጨት በቂ ነው። ዲስኩን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በንጹህ ጨርቅ ይጥረጉ። ቅባት የጠጣ የፍሬን ሸራ ግን አይድንም፣ ይቀይሩት። ለረጅም ደረቅ ቁልቁለት የብረት ቅይጥ ያለበት ሸራ ከለስላሳው ይሻላል፤ ሙቀት ይችላል፣ አቧራም ቶሎ አይበላውም። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይጮሃል፤ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ከመካከለኛ ፍጥነት ቀስ ብለው እየያዙ ያስለምዱት።

ጥያቄ፦ አሸዋ ላይ እየሮጥኩም እየነዳሁም እሰምጣለሁ። ዘዴው ምንድን ነው?

መልስ፦ በሩጫ እንጀምር። ልል አሸዋ ላይ መሮጥ ጠንካራ መሬት ላይ ከመሮጥ 1.6 እጥፍ ያህል ጉልበት ይወስዳል፤ ስለዚህ ፍጥነትዎን ከሜዳው ጋር አያወዳድሩ። እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ ቶሎ ቶሎ ያድርጉት፣ በጣትዎ መሬቱን አይቆፍሩ፤ መላ እግርዎን ያሳርፉ። ቆፋሪ ሯጭ በሁለተኛው ቀን ባቱና የተረከዙ ጅማት ይያዛል። የአሸዋ ክምር ነፋስ የሚመታው ጎኑ ዘንበል ያለና ጠቅጠቅ ያለ ነው፤ በተቃራኒው ያለው ቁልቁል ጎን ወደ 34 ዲግሪ የሚጠጋ ልል ነው። በጠንካራው ይውጡ፣ በልሉ ይውረዱ።

ብስክሌት ላይ ሁሉም ነገር የሚወሰነው አሸዋው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ነው። ሜዳ ላይ እንዳሉ ሁለት ማርሽ ያቅልሉ፤ አሸዋው ውስጥ በጫና ማርሽ መቀየር ካቴና ይበጥሳል። ፍጥነት ይዘው ይግቡ፣ ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ክብደትዎን ትንሽ ወደኋላ ያድርጉ፣ ፔዳሉን ሳያቋርጡ እኩል ይምቱ። መሪውን ጠበቅ አድርገው አይጨብጡት፤ የፊት ጎማው ትንሽ ይዋኝ። መታጠፍ ሲፈልጉ በወገብዎ እንጂ በመሪው አይሁን፣ የፊት ፍሬንም አይንኩ። ሦስት ወይም አራት ፒኤስአይ መቀነስ በጣም ይረዳል፣ ጭንጫው ከመጀመሩ በፊት ግን መልሰው ይንፉ። ከ50 ሜትር በላይ የሚረዝም ልል አሸዋ ከሆነ ወርደው መግፋት ብዙ ጊዜ ፈጣኑ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ እግሬ ውሃ ይቋጥራል፤ ጫማዬ በአሸዋ ይሞላል።

መልስ፦ የሚያቆስለው እርጥበት፣ ሙቀትና ፍትጊያ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው፤ አሸዋ ፍትጊያውን ይጨምራል። ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ ይውሰዱ፣ እግር በሙቀት ያብጣል። የአሸዋ መከላከያ ሽፋኑ ቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ የሚታሰር ዓይነት ከሆነ አይጠቅምም፤ ደቃቁ አሸዋ የሚገባው በጫማው መረብ ነው። የሽፋኑን ቬልክሮ፣ ማለትም ተጣባቂ ማሰሪያውን፣ በጫማው ሶል ዙሪያ ያሰፉት፤ ካላሰፉት ጥሩ ማጣበቂያ ተጠቅመው 24 ሰዓት ያድርቁት። ቁስል የለመደበትን ቦታ ማታ በንጹህና በደረቅ ቆዳ ላይ፣ ሳይጨማደድ፣ ጠርዙን አክብበው በፕላስተር ይሸፍኑ። እየሮጡ የሚያቃጥል ነጥብ ከተሰማዎት ያኔውኑ ይቁሙ፤ ሁለት ደቂቃ ማቆም ሦስት ቀን ያተርፋል። ውሃ ቋጥሮ ካስቸገረ በጸዳ መርፌ ከታችኛው ጠርዝ ሁለት ቦታ ይብሱት፣ ያፍስሱት፣ ቆዳውን ሳይልጡ ጸረ ተሕዋስያን ቀብተው ይሸፍኑ። ደም የቋጠረውን አይንኩት። ጠዋት ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ያራግፉት፤ ጊንጥ ማደሪያ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ አብሮን የሚሮጥ ልጅ መንገድ ላይ የማይገናኝ ነገር ማውራት ጀመረ። ላብ ስላላቆመ የሙቀት ምት አይደለም ብለን አስቀመጥነው። ትክክል ነበርን?

መልስ፦ አልነበራችሁም፤ ልጁ ደኅና ከሆነ ደስ ይለናል። ቆዳ ደርቆ መገኘት አለበት የሚለው እምነት ብዙ ሰው አዘናግቷል። ሲሮጥ የሙቀት ምት የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ እንዳላበው ነው። ወሳኙ ምልክት አእምሮ ነው፦ ግራ መጋባት፣ መንገዳገድ፣ መቆጣት፣ ራስን መሳት። ከዚህ ጋር የሰውነት ውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ግንባርና ጆሮ ላይ የሚለካው ግን ያሳስታል፣ ዝቅ ብሎ ስላሳየ አይተማመኑበት።

መጀመሪያ ያቀዝቅዙ፣ ከዚያ ያጓጉዙ። ወደ ሕክምና እየደወላችሁ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ። ካምፕ ውስጥ ከሆነ በረዶ የተጨመረበት ውሃ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገቱ ንከሩት፣ አንድ ሰው ከጀርባ ብብቱን ይዞ ራሱን ከውሃው በላይ ይያዝ። ገንዳ ከሌለ ሸራ መሬት ላይ ዘርግታችሁ እሱን መሐል አስተኙ፣ ጠርዙን ከፍ አድርጋችሁ ያዙና ውሃና በረዶ አፍስሳችሁ አናውጡት። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ያላችሁን የመጠጥ ውሃ መላ ሰውነቱ ላይ አፍስሱና ሳታቋርጡ በማልያ አራግቡ። ግቡ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱን ከ39 ዲግሪ በታች ማውረድ ነው። አእምሮው ላልተረጋጋ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ፤ ፓራሲታሞልም ይህን ሙቀት አያወርድም። ቢነቃም ሐኪም ሊያየው ይገባል። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ልምምድ የለም፤ የሚመለሰው በሐኪም ፈቃድ ነው።

ጥያቄ፦ የአሸዋ አውሎ ነፋስ ከመጣብኝ ልሩጥ ወይስ ልቁም?

መልስ፦ ቀጣዩን የመንገድ ምልክት ማየት ካቃተዎት ይቁሙ። እ.ኤ.አ. በ1994 በሞሮኮ ሰሃራ በተካሄደው ማራቶን ዴ ሳብል ላይ ጣሊያናዊው ሯጭ ማውሮ ፕሮስፔሪ በአውሎ ነፋሱ ውስጥ መንገዱን ስቶ፣ ከቀናት መንከራተት በኋላ በሕይወት የተገኘው ድንበሩን ተሻግሮ አልጄሪያ ውስጥ ነበር። ጀርባዎን ለነፋሱ ይስጡ፣ አፍንጫዎንና አፍዎን በጨርቅ ይሸፍኑ፣ መነጽርዎን አያውልቁ፣ ድንጋይ ካለ ይጠለሉበት። ደረቅ የወንዝ መሄጃ ውስጥ ግን አይጠለሉ፤ አውሎ ነፋስ ዝናብ አስከትሎ ይመጣል፣ ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብም እርስዎ ያሉበት ሰማይ ጥርት እንዳለ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ብስክሌቱን ማርሹ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርገው ያስተኙት።

ሁልጊዜ የማይነካ አንድ ሊትር ውሃ፣ ፊሽካ፣ ትንሽ መስታወትና አንጸባራቂው የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስ ይያዙ። ስልክ ፀሐይ ላይ ሲግል ራሱን ስለሚያጠፋ ከውሃው ከረጢት ጎን ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ከመውጣትዎ በፊት መንገድዎንና የመመለሻ ሰዓትዎን በወረቀት ጽፈው ካምፕ ለሚቀር ሰው ይስጡ። መመለሻዎ 4 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ 5 ሰዓት ላይ ያልደረሱ እንደሆነ ፍለጋ እንዲጀመር፣ ፍለጋውም ከየትኛው አቅጣጫ እንዲነሳ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።